የጋሼ ትንፋሽ

ሰኞ 3

ቀኑ ተቆረጠ። የዶክትሬት ጥናቴን የምከላከለው በሚመጣው ወር፣ ዓርብ 12 ነው። አማካሪዬ ጋሼም ጡረታ የሚወጡት ያን ቀን ነው። ጠዋት እኔ እፈተናለሁ፣ ከሰዓት እሳቸው ይሸኛሉ። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ "ከዚህ ወዲያ ማራዘም የሚባል ነገር የለም። እሳቸው ሄደው አንቺ ከቀረሽ የሚረከብሽ መምህር የለም፤ እወቂው" አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው የምትናገረው። እሱ ነው ደሜን የሚያፈላው።

ግን ምን አስጨነቀኝ? ሽፋኔ ይሠራል።

ማታ እህቴ የስፌት መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ "እስቲ አሁንም አስረጂኝ፤ ደንበኞቼ እህትሽ ምን ታጠናለች ሲሉኝ የምመልሰው አጣለሁ" አለች። አስረዳኋት። ከብረታ ብረትና ከኦክስጅን የተሠራ ሽፋን ነው፤ ከፀጉር በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቀጥን። ኤሌክትሪክ ሲገፋው ውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ኤሌክትሪኩን ስታጠፊው አይመለስም፣ እንደዞረ ይቀራል። ወደ ኋላ ካልገፋሽው በቀር ንቅንቅ አይልም።

"እንደ እማዬ በይኛ!" አለች።

እንደ እማዬ። ፌሮኤሌክትሪክ ይባላል። መብራት ቢጠፋ የማይረሳ ማስታወሻ ይሠራበታል። ጣጣው፣ ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ ይሄ ፅናቱ ይከዳዋል። የኔ ግን ሌሎቹ ከሚከዱበት ውፍረት በታች ሳስቶም አልከዳም። ጥናቴ በሙሉ ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት።

ሐሙስ 6

ቀኑን ሙሉ መለኪያ ክፍል። ሁሉም ነጥቦች አሪፍ! ወገቤ ተቆርጧል።

አሠራሩን እዚህም ልጻፈው፣ ፈታኞቹ ሲጠይቁኝ እንዳልንተባተብ። ሽፋኑ ላይ በዓይን የማይለዩ የወርቅ ነጥቦች አሉ። በማጉያው እያየሁ መርፌ አሳርፍባቸውና ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ማያው ላይ የሚሳለው መስመር በሄደበት መንገድ ከተመለሰ ሽፋኑ ሙት ነው። በሌላ መንገድ ዞሮ ከተመለሰና ቀለበት ከሠራ፣ ያስታውሳል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ነፍስ መዝራት አለ። ጋሼ ናቸው ያስተማሩን፤ በእጃቸው ያለፈ ሁሉ ያደርገዋል። አፍን ወደ ሽፋኑ ጠጋ አድርጎ አንድ ረጅም "ሃ..." ማለት፣ ከዚያ እፍታው ሳያመልጥ የመስታወቱን ክዳን መግጠም። ደረቅ ሽፋን ላይ ተጠራቅሞ የሚያስቸግር ኤሌክትሪክ አለ፣ ትንፋሽ ያበርደዋል ይላሉ። ዛሬም በሩ ላይ ቆመው፣ "ነፍስ ዘርተሽበታል?" አሉኝ። "ዘርቻለሁ ጋሼ" አልኩ። ጥናቱ ውስጥ አልጻፍኩትም። ምሳ የሚበላ ሰው እጄን ታጠብኩ ብሎ ይጽፋል?

ማክሰኞ 11

ሽፋናችንን እንዲለኩት የላክንላቸው የሌላ ከተማ ሰዎች መልስ ሰጡ። "አልሠራልንም። ቀለበት አላየንም።"

አልሠራልንም! ልፋቴን ሁሉ በሁለት መስመር! ከነሱ አንዱ ደግሞ ፈታኜ ነው። ጋሼ አንብበው ሳቁ። "በመንገድ አንገላተውት፣ በቆሸሸ እጅ ነክተውት ነው። ሌላ ላኪላቸው" አሉ። ችኩሉ ግን አልሳቀም። ችኩሉ ከጎኔ የሚሠራው የላብራቶሪ ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ሻይ ሳይበርድ ስለሚጠጣ ነው። የራሱን ጥናት በኔ ሽፋን ላይ ነው የሚገነባው። "ጨርሶ ምንም አላየንም ነው ያሉት? ትንሽም?" ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ። "አልሰማህም እንዴ!" ብዬ ጮኽኩበት። ምን አደረገኝ እሱ?

ዓርብ 14

ጉንፋን። ጭንቅላቴ ድንጋይ ሆኗል። ለጋሼ እንዳላስተላልፍ ብዬ ጭምብል አድርጌ ዋልኩ።

ማሽኑ አኩርፏል። ነጥብ ቀያየርኩ፣ መርፌ ቀየርኩ፣ ቀለበት የለም። እኔ ስታመም ደግሞ የሚታመም ማሽን! ወደ ቤት።

ሰኞ 17

እሰይ! ተሻለኝ፣ ማሽኑም ተሻለው። ጠዋት ገብቼ ጭምብሉን ጣልኩ፣ ነፍስ ዘራሁበት፣ ቀለበቱ እንደ ድሮው ሞልቶ መጣ። ዓርብ መርፌው በደንብ አላረፈም ነበር ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

እማዬ ደወለች። "ዶክተር ልበልሽ ወይስ ልታገስ?" አለች። ታገሺ አልኳት፣ ጥቂት ነው የቀረው።

ረቡዕ 19

ጉንፋኑን ለችኩሉ ሰጥቼዋለሁ። ዓይኑ እያለቀሰ፣ ጭምብሉ ውስጥ እያነጠሰ ለካ። ምንም አላገኘም። ከዚያ እኔ ገባሁ፤ በዚያው ሽፋን፣ በዚያው መርፌ። መጣ።

"አንቺ ስትነኪው ይሠራል፣ እኔ ስነካው ይሞታል። ምን እያደረግሽበት ነው?" አለ፣ በቀልድ።

"እጄ ነዋ!" አልኩት፣ በቀልድ።

ማታ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከጉንፋኑ የተረፈው ሳል ነው። ስለዚያ ነገር አላስብም። የቱ ነገር? ምንም። ምዕራፍ አራትን ማረም አለብኝ፣ ሥዕሎቹ ይደበዝዛሉ።

እሑድ 23

እህቴ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትታገል መነጽሯን አወለቀች። "ሃ..." አለችበትና በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከመወልወሏ በፊት መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ አየሁት። ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለች።

"ምንም። ሻዩ አቃጠለኝ" አልኩ። ሻይ አልያዝኩም ነበር።

ሰኞ 24

ሽፋኑን ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ አሳድሬ፣ ሳልተነፍስ ልለካው አስቤ ነበር። ማድረቂያው ተይዟል።

አልተያዘም።

ማክሰኞ 25

ችኩሉና ጸሐፊዋ ለሽኝቱ ኬክ ሊያዝዙ ነው። ኬኩ ላይ የጋሼን ቀለበት በክሬም እናሥላለን ይላሉ። የጋሼ ቀለበት ቢሯቸው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የሚኖረው ነው። ወጣት ሆነው፣ ይሄ ሕንፃ መጋዘን እያለ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩት የመጀመሪያው ሽፋን ቀለበት። በዚያ ቀለበት ነው ላብራቶሪው የተሰጣቸው። ለመጡ እንግዶች ሁሉ ያሳያሉ። ዛሬም ለኬክ ሠሪዋ ፎቶ ሊሰጧት ከግድግዳው አወረዱት፣ አቧራውን አራገፉ፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ "ሃ..." ብለው በመሐረባቸው ወለወሉት።

ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። እኔ እኮ የራሴን ብቻ ነበር የፈራሁት! የሳቸውንስ? እሳቸውም ነፍስ ዘርተውበታል። እንዲያውም የዘሩት እሳቸው ናቸው።

ዓርብ 28

አደረግኩት።

ሽፋኑ ከትናንት ጀምሮ ማድረቂያው ውስጥ ነበር። ጭምብል አደረግኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ደረቅ ናይትሮጅን ለቀቅኩበት። መስመር። በሄደበት የተመለሰ፣ ቀጥ ያለ መስመር። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ፣ ጭምብሉን አውልቄ "ሃ" አልኩበት። ቀለበት። እያደረቅኩ መስመር፣ እየተነፈስኩ ቀለበት። እንደ ሕፃን ደጋገምኩት።

የመጨረሻው ሙከራ ይቀራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ወደ አንድ ወገን ሁለት ጊዜ መግፋት። የመጀመሪያው ግፊት ሽፋኑን ያዞረዋል፤ ሁለተኛው የሚያዞረው ነገር ሊያጣ ይገባል። የተዘጋ በር ደግሞ አይዘጋም። ተንፍሼበት ገፋሁት። የኔ ሽፋን ሁለቴም እኩል መለሰልኝ። የሚዞር ነገር የለም። የሚያፈስ ነገር ነው ያለው። ኤሌክትሪኩ በትንፋሼ እርጥበት ውስጥ እየፈሰሰ፣ የሚያምር ቀለበት ሲሥልልኝ ኖሯል። የሌላ ከተማ ሰዎቹ እጃቸው አልቆሸሸም። እነሱ አልተነፈሱበትም፣ ያ ብቻ ነው።

አለቀስኩ። ከዚያ ጭምብሉ ውስጥ ማልቀስ እንደሚያፍን ተረዳሁና አውልቄ አለቀስኩ።

እሑድ 30

ለእህቴ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ታዲያ ንገሪያቸዋ" አለች።

"ጥናቴ ገደል ይገባል።"

"ገብቷል እኮ፣ የኔ እናት። ያላየው ሰው ስላለ ነው ገና ያልገባ የመሰለሽ።"

"አንቺ አይገባሽም!" ብዬ ተነሳሁ። ገብቷታል። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ራት አቅርባ ስትጠራኝ የተኛሁ መሰልኩ።

ረቡዕ 3

ለችኩሉም ነገርኩት። ኮሪደሩን ሄዶ ተመለሰ፣ ሄዶ ተመለሰ።

"ማን ያውቃል?"

"አንተና እህቴ።"

"እስከ ዓርብ ዝም በይ። ተመረቂ። ከዚያ አዲስ ነገር እንዳገኘሽ አድርገሽ ታርሚዋለሽ። እሳቸውም በክብር ይሸኙ። ማንን ትጎጃለሽ?"

እውነቴን ነው የምጽፈው፣ ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ቀኑን ሙሉ አፌ ውስጥ እንደ ከረሜላ ሳገላብጠው ዋልኩ። ማታ ምዕራፍ አራትን ከፍቼ ሥዕሎቹን አጠራሁ። አሁን አይደበዝዙም። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ሐሙስ 4

ጋሼ ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ፣ "ከስተሻል። የሚበላ ነገር ብዪ እንጂ! ፈተና እኮ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም" አሉኝ። ከኪሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡኝ።

ብስኩቱን አልበላሁትም። ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ቅዳሜ 6

ነገርኳቸው።

ቢሯቸውን እያጸዱ ነበር። መጽሐፎቹ ካርቶን ገብተዋል፣ ግድግዳው ላይ ቀለበቱ ብቻ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው።"

"ንገሪኝ፣ ግን ያንን ገመድ አቀብዪኝ።"

ገመዱን እንደያዝኩ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ማድረቂያውን፣ መስመሩን፣ ሁለቱን ግፊት። ካርቶኑን ማሸግ አቁመው ቆሙ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?"

"ዓርብ 28 ነው የሞከርኩት።"

"የሞከርሽበትን ቀን አልጠየቅኩሽም።"

"ከጉንፋኑ ጀምሮ" አልኩ። ይሄን ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር።

"ፈርተሽኝ ነው ዝም ያልሽ?"

"አይደለም ጋሼ። አሳዝነውኝ ነው።"

እዚህ ላይ ነው የተቆጡት። ስድስት ዓመት እንዲህ ሲቆጡ አላየሁም። "ተማሪ ይፍራኝ፣ ይችላል። ይጠላኝ፣ ይችላል። ታዝኖልኝ ግን አያውቅም! ሂጂ አሁን።"

ወጣሁ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ነው ያየሁት።

ሰኞ 8

ጋሼ አልመጡም። ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ችኩሉ፣ "በቃሽ? ደስ አለሽ?" አለኝ። ለፈታኞቼና ለጸሐፊዋ ጥናቴን እንደማልከላከል ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈግግ አየችኝ።

የሰውየውን ዕድሜ ልክ ሥራ በመጨረሻዋ ሳምንት! ሌላ ሳምንት አልነበረኝም? ነበረኝ። ያን ጊዜ ሥዕል እያጠራሁ ነበር።

ማክሰኞ 9

ጠዋት ስገባ የመለኪያ ክፍሉ ክፍት ነው። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፣ ካፖርታቸውን አላወለቁም፣ ጭምብል አድርገዋል።

"ዘገየሽ" አሉ። "ማድረቂያው ውስጥ የኔ አለ። ትናንት ከሰዓት ነው ያስገባሁት፣ እናንተ ምሳ ስትበሉ። አውጪውና ለኪው።"

የሳቸው። ያ የመጀመሪያው ሽፋን። በጥጥ ጠቅልለው የመድኃኒት ቆርቆሮ ውስጥ ሲያኖሩት ኖረዋል።

"ጋሼ፣ ባንለካውስ?" አልኳቸው።

"ዛሬም ልታዝኚልኝ ነው?"

ጭምብሌን አደረግኩ። ችኩሉ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ፣ ጭምብሎቻችንን አየ፣ ሳይጠየቅ አንድ አንሥቶ አደረገና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መርፌውን ሳወርድ በማጉያው ጠርዝ ጋሼን አየኋቸው። ጭምብሉ አልበቃቸው ብሎ መዳፋቸውን ደርበውበታል። ትንፋሻቸውን የያዙ ይመስለኛል። አንጀቴን በሉት።

ቮልቴጁን ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ። ማያው ላይ መስመሩ ሄደ። ሲመለስ ተለየ። ቀለበት ነው! ቀጭን፣ ጠርዙ ሹል፣ ግን ቀለበት። ሁለቴ ገፋሁት። የመጀመሪያው መለሰ፣ ሁለተኛው ባዶ። ሦስቴ ሞከርኩት፣ ያው ነው። የሳቸው ሽፋን ከኔ ብዙ ይወፍራል፤ ለዚያ ነው ያልከዳው። ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ጋር ሳስተያየው ስፋቱ ግማሽ ነው።

ጋሼ ተነሥተው መጡ፤ ከማያው አንድ ክንድ ርቀው፣ አጎንብሰው አዩት።

"ግማሹ እውነት ነው" አሉ።

"እውነት ነው ጋሼ። ይዞራል።"

"ግማሹ ደግሞ ትንፋሼ ነው።" ከዚያ ሳቁ። ጭምብሉ እየተነፋ እየሟሸሸ፣ ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ፣ ሳቁ። እየሳቁ ይሁን ሌላ፣ አልጠየቅኩም።

ዓርብ 12

ጠዋት የኔ ፈተና በነበረበት ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነበር። አልፌ ስሄድ ወንበሮቹ ተደርድረው አየሁ።

ከሰዓት ሽኝቱ ተደረገ። ኬኩ መጣ፣ ላዩ ላይ ያ ሰፊ ቀለበት በሰማያዊ ክሬም። ማንም ማስቀረት አላሰበም። ችኩሉ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ቢላዋውን ይዘው ኬኩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለዲኑም፣ ለድሮ ተማሪዎቻቸውም፣ ለሁላችንም አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ማድረቂያው፣ ስለ መስመሩ። የኔን ዝምታ አልጠቀሱም። ከድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ፣ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እሱም ዕድሜ ልኩን "ሃ" ሲል ኖሯል።

"ለቅሶ የደረሳችሁ አትምሰሉ!" አሉ ጋሼ። ቀለበቱን መሐል ለመሐል ቆረጡት። "ይሄኛው የኔ ነው፣ ልበላው ነው። ያኛውን ተካፈሉት፣ አብራችሁኝ ነው የተነፈሳችሁት።"

መጀመሪያ የሳቀችው ጸሐፊዋ ናት።

ሳቁ ሲበርድ ወደ እሷ ዞሩ። "የተማሪ ርክክብ ብለሽ የሰጠሽኝን ወረቀት አልፈረምኩም፣ አልፈርምም። ከዲኑ ጋር ተነጋግረናል። ተማሪዬ አልጨረሰችም፤ እሷ ሳትጨርስ እኔ አልጨረስኩም። ቢሮውን ውሰዱት፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ትበቃኛለች።"

ግድግዳውን ተደግፌ ሰማኋቸው።

ችኩሉ አላናገረኝም። ግን የኬኩን ቁራሽ በሳህን አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠና ሄደ።

እሑድ 14

እህቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። "የምን ይቅርታ?" አለች፣ ግን መኪናዋን አቆመች። እማዬ ስትደውል ስልኩን እህቴ ቀደመችኝና፣ "ዶክተር ገና ናት፤ ማድረቂያ ውስጥ ናት" አለቻት። እማዬ ምን እንደገባት እንጃ፣ "ብርድ እንዳይመታት" አለች።

ሰኞ 15

ከዜሮ። አዲስ ስስ ሽፋን፣ ሌሊቱን የደረቀ። የመለኪያው ክዳን ላይ በጋሼ እጅ ጽሑፍ ወረቀት ተለጥፏል፦ አትተንፍሱበት።

ወረቀቱን አንብቤ፣ ጭምብሌን ገና ሳላደርግ፣ አፌ በልማድ ወደ ሽፋኑ ሄደ። "አፍሽን!" አሉ ጋሼ ከመስኮቱ ሥር። ደንግጬ ቀና አልኩ። ጭምብሌን አደረግኩ። መርፌውን አወረድኩ።

መስመር። ቀጥ ያለ፣ በሄደበት የተመለሰ መስመር። ቀለበት የሚባል ነገር የለም።

"ምን አገኘሽ?" አሉ።

"ምንም ጋሼ። መስመር ብቻ።"

ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ፣ ማያውን አዩ፣ ጭምብላቸውን በአውራ ጣታቸው አስተካከሉ።

"ይሄ እንኳ የራሱ ነው" አሉ። "ጻፊው።"

ጻፍኩት።